ግማሽ ኩንታል በአንድ ክንድ

ታሪክ ጸሐፊዎች ሳያዩአቸው የሚያልፉ ታላላቅ ሥራዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በደሴ ከተማ፣ በቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ በመምህር ዘይኑልአቢዲን ግቢ ውስጥ አንድ የሞተር ብሎን ያለ ልዩ መሣሪያ ለማጥበቅ የተካሄደው ንቅናቄ ነው። በንቅናቄው ላይ ንግግር ተደርጓል፤ አቅጣጫ ተቀምጧል፤ ዱአም ጸሎትም ደርሷል። ከተሰበሰቡት ባለድርሻ አካላት ሁሉ ሐሳቡን ያልተጠየቀው ብሎኑ ብቻ ነበር።

መምህር ዘይኑልአቢዲን፣ ሰፈሩ ባጭሩ መምህር ዘይኑ የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ስለሚጠመዘዝ ነገር ሁሉ ያውቃሉ። ጉልበት ሲባዛ በርቀት፤ ይህችን ቀመር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ መጽሐፍም አይገልጡም። በሰሌዳው ላይ ስንቱን ብሎን አጥብቀዋል፣ አንዱም ተፈትቶ አያውቅም። ከሰሌዳው ውጭ ግን የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን እምቢ ሲላቸው የሚጠሩት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸሪፋን ነው። ይህን ድክመታቸውን ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ያውቁታል፤ እንዲያውም ጨዋታ ሲነሣ ቀድመው የሚያወሩት እሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው ሲያወራው ግን አይወዱም።

ነገሩን ያመጣው ልጃቸው ሀፊዝ ነው። ሀፊዝ የቢስቲማዋን ዊዳድን ወደዳት፣ እሷም ወደደችው፣ ቀሩ አባቷ ሐጂ ከሊድ። ሐጂ ከሊድ ቢስቲማ ውስጥ በሞተር የሚሠራ የእህል ወፍጮ ያላቸው፣ ወሬ የማያበዙና ወሬ የሚያበዛም ሰው የማይወዱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች አክብረው አብልተው፣ አክብረው ባዶ እጃቸውን ሸኟቸው። «የመምህር ልጅ ነው። መምህር አፍ እንጂ እጅ የለውም» ማለታቸው እየዞረ ደሴ ድረስ መጣ። በዚያ ላይ ከመርሳ ሌላ ጠያቂ ተነሥቷል፤ ያውም ሽማግሌዎቹን በገዛ አይሱዙው ጭኖ የመጣ። ሐጂ ለሁለቱም ወገን አንድ ቃል ሰጡ፤ «እሁድ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ የደሴዎቹ ይምጡና ልስማቸው። ካልመጡ ለመርሳዎቹ ነው።» ሀፊዝ ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል ከአፉ አይገባም።

አስተዋይ ሰው ቢሆን ኖሮ እሁድ በጠዋት ተነሥቶ በሚኒባስ ይሄድ ነበር። መምህር ዘይኑ ግን የአይሱዙው ነገር ከሆዳቸው አልወጣ አለ። «በራሳችን መኪና ነው የምንሄደው» ብለው መስጊድ በር ላይ ተናገሩ፤ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ወርደው ደገሙት፤ ላልጠየቃቸውም ሰው ሁሉ አስረዱ። መኪናቸው ከሀፊዝ በዕድሜ የምትበልጥ ነጭ አሮጌ ናት። ሐሙስ ዕለት ከኮምቦልቻ ሲመለሱ ሀረጎ ዳገት ላይ የሞተሯ የውስጥ ቺንጊያ፣ የጎማ ቀበቶዋ፣ ተበጠሰና፣ መምህሩ የቀረውን መንገድ በሰው መኪና ተጎትተው ገቡ። ገመዱ ላይ ሆነው እንኳ ላገኙት ሰው ሁሉ በመስኮት «ለእሁድ ትደርሳለች» ይሉ ነበር።

ቅዳሜ ጸጋው የሚባል መካኒክ ከኮምቦልቻ መጥቶ አዲስ ቺንጊያ ገጠመ። ጸጋው ሥራ የሚያውቅ፣ ሰዓት ግን የማያውቅ ሰው ነው። ሁሉን ጨርሶ የመጨረሻውን ብሎን በእጁ አስገባና እንዲያው ተወው። ይህ ብሎን በሞተሩ ፊት ያለውንና ቺንጊያ የሚያዞረውን ክብ ብረት ይዞ የሚያቆም ነው፤ ውፍረቱ አውራ ጣት ያህላል፤ ከመኪናዋ ብሎኖች ሁሉ አብዝቶ መጥበቅ ያለበትም እሱ ነው።

«ከልኩ ካነሰ ተፈትቶ ሞተሩን ይበላዋል፤ ካለፈ ደግሞ ይበጠሳል» አለ ጸጋው እጁን እየጠረገ። «ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ የሚል ረጅም ቁልፍ አለኝ። ለጓደኛ አውሼው ነው፤ ነገ በጠዋት ይዤው ከተፍ እላለሁ። እስከዚያ እንዳትነኩት።»

«ልኩ ስንት ነው?» አሉ መምህር ዘይኑ፣ ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል።

«ሃያ አምስት ኪሎ፣ በአንድ ሜትር።»

መምህሩ ፈገግ አሉ። «ግማሽ ኩንታል በአንድ ክንድ ማለት ነው።» ክንድ የግማሽ ሜትር ያህል ስለሆነ ሒሳቡ ትክክል ነበር። ፊዚክስ ከስንት ዘመን በኋላ የገዛ ቤታቸውን በር ያንኳኳች መሰላቸው፤ ከፍተው ለማስገባትም ቸኮሉ።

እሁድ ጠዋት ጸጋው አልመጣም። ሲደውሉለት «እየተነሣሁ ነው» አለ። ቆይተው ሲደውሉ «መንገድ ላይ ነኝ» አለ፤ ከስልኩ ጀርባ የሚሰማው ግን ሰው ፉል ሲያዝ ነበር። በዚህ መሃል ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ደረሱ። ጎረቤታቸው አቶ ስማቸው ከአንድ መሥሪያ ቤት በሥራ ሂደት መሪነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው ግን ገና በሥራ ላይ ነው። ሼህ ጣሀ ቀጭንና ዝምተኛ፣ ዱአቸው የሚፈራ አዛውንት ናቸው። መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ደግሞ ከቅዳሴ በቀጥታ የመጡ ናቸው። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ያልተወከለበት ሽምግልና ወሎ ውስጥ ግማሽ ሽምግልና ነውና፣ የመምህሩ ቡድን ሙሉ ነበር።

«ዘይኑ» አሉ ወይዘሮ ሸሪፋ ከበረንዳው ላይ። «መናኸሪያ ሚኒባሱ ሰው እየጠራ ነው። በሱ ለምን አትሄዱም?»

«በራሳችን መኪና ብያለሁ እኮ።»

«ለማን?»

«ለሰው።»

«ሰው ነው ዊዳድን የሚያገባው?»

መምህሩ ወደ ሥራ ገቡ። ከጎረቤት ብየዳ ቤት አሮጌ የብረት ቱቦ ተዋሱ፤ ቱቦው የስንት ዘመን የተቃጠለ ዘይት ጠጥቶ ጥቁር ሆኗል። ጸጋው ትቶት የሄደውን ተራ የብሎን ቁልፍ ቱቦው ውስጥ ሲያስገቡት እጀታው ረዘመ። ሀፊዝ መኪናዋን በመጨረሻው ማርሽ አስገብቶ ፍሬን ረግጦ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ሞተሩ አብሮ እንዳይዞር የሚይዘው የሱ እግር ነው። ምስኪኑ ፍሬኑን የረገጠው ዊዳድን እዚያው ይዞ እንደሚያስቀራት ሁሉ ነበር። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዕቅዱን አቀረቡ።

«ጓዳ ውስጥ ግማሽ ኩንታል ዱቄት አለ። ጆንያውን ከብሎኑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቱቦው ላይ እናንጠለጥላለን። ቱቦው ወርዶ ወርዶ ሲቆም ልኩ ደረሰ ማለት ነው። በቃ።»

«ጆንያ?» አሉ አቶ ስማቸው። «እኛ እያለን ጆንያ?»

«ክብደቱ የታወቀ ስለሆነ ነው።»

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ የሀፊዝ ጋብቻ የሁላችንም አጀንዳ ነው። ባለድርሻ አካላት በአካል ተገኝተው ሳለ ሥራውን ለዱቄት ማስተላለፍ የአሠራር ክፍተት ይፈጥራል። ሽማግሌ ቆሞ ጆንያ ሲሠራ ያየ ሰው ምን ይላል?»

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «እውነት ነው፤ በሰው እጅ ይሁን» አሉ። ሼህ ጣሀ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው እንደ ስምምነት ተቆጠረ። መምህር ዘይኑ «እሺ» አሉ። በቀመራቸው ውስጥ ጉልበት አለ፣ ርቀት አለ፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር ግን ከመጀመሪያውም አልገባበትም ነበር።

ግማሽ ኩንታል የሚመዝን ሽማግሌ መፈለግ ግድ ሆነ። አቶ ስማቸው «እኔ ከተመረቅሁ ጀምሮ ስልሳ ነኝ፤ ጋቢዬን ባወልቅ እደርሳለሁ» አሉ። ወገባቸውን አይቶ ይህን ያመነ ባይኖርም የተቃወመም አልነበረም። ጉዳዩ በማስረጃ እንዲረጋገጥ በባጃጅ ሰኞ ገበያ ወረዱ። የእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አቶ ስማቸው በክብር ወጡ፤ መርፌው ስልሳን ሳይሰናበት አልፎ ዘጠና ስድስት ላይ ቆመ። ጋቢውን አወለቁ። ጫማቸውን አወለቁ። ከኪሳቸው ቁልፍና ስልክ አውጥተው ለመሪጌታ ሰጡ። ትንፋሻቸውን ሁሉ አስወጡ። መርፌው ውለታ አያውቅም።

«ሚዛኑ ውስንነት አለበት» ብለው ወረዱ፣ የነጋዴውን ፊት ሳያዩ።

ቀጥለው ሼህ ጣሀ በቢስሚላህ ሲወጡ ግን መርፌው ሃምሳ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። መምህር ዘይኑ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። ቀመራቸው ሰው ሆኖ፣ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምቶ ሚዛን ላይ ቆሟል። «ማሻአላህ፣ ሼህ፣ እርስዎ ልክ ነዎት» አሉ፤ ሼሁም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ስለ ሃይማኖታቸው የተመሰከረላቸው መስሏቸው።

ወደ ግቢው ተመለሱና ሥራው ተጀመረ። ሼህ ጣሀ ነጩን ጀለቢያቸውን ሰብስበው ቱቦውን ከብሎኑ አንድ ክንድ ላይ ያዙ፤ እግራቸውን ከመሬት አነሡ። ቱቦው ቀስ እያለ ወረደ፤ ሞተሩ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ ቆመ። ሼሁም እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥለው ቀሩ። ብሎኑ ልኩ ላይ ደርሷል። እዚህ ላይ «ይበቃል» የሚል አንድ ቃል ቢነገር ኖሮ ሽማግሌዎቹ መኪናዋ ውስጥ ገብተው፣ በሐይቅ ከተማ አድርገው፣ ለዙህር ቢስቲማ ይደርሱ ነበር። መምህር ዘይኑ ቃሉን ያውቁታል። ከአፋቸው ጫፍም ደርሶ ነበር።

«እኔስ?» አሉ መሪጌታ።

«እርስዎ ምን?»

«እጄን ሳላሳርፍበት? በዚህ መኪና እኔም እኮ ነው የምሳፈረው። የሼህ በረካ ብቻ ይዞን ይሂድ?» ነገሩን በፈገግታ ቢሉትም ዓይናቸው ውስጥ ቅሬታ ነበር። በዚህ አገር ሰው ቤት ሲሠራ ጎረቤት አንድ ድንጋይ ያቀብላል፤ ጎተራ ሲለሰን ያለፈው ሁሉ እጁን ጭቃ ያስነካል፤ ያላስነካ ሰው እንደ ጠላት ይታያል። ብሎን ከዚህ ሥርዓት ነፃ ነው የሚል ሰው እስካሁን አልተነሣም። መምህሩም «ይባረክ፣ ይባረክ መሪጌታ» አሉ። ሼሁ ሲወርዱ መሪጌታ በስመ አብ ብለው ገፉት። ቱቦው ትንሽ ወረደ።

ያን ጊዜ አቶ ስማቸው ጋቢያቸውን ለሁለተኛ ጊዜ አወለቁ።

«አቶ ስማቸው፣ ደርሷል እኮ» አሉ መምህሩ በለሆሳስ።

«ገባኝ። እኔ የማጠቃለያውን ነው» አሉ አቶ ስማቸው። ከመሳባቸው በፊትም ጥቂት ተናገሩ፤ ሥራው በጋራ ርብርብና በቁርጠኝነት እዚህ መድረሱን አወሱ፤ ይህ መልካም ተሞክሮ ወደ ሌሎች ብሎኖችም ሊሰፋ እንደሚገባ አሳሰቡ። ከዚያ በቱቦው ጫፍ፣ ከብሎኑ እጅግ በራቀው ቦታ ላይ፣ ከእነ ዘጠና ስድስት ኪሏቸው አረፉበት።

ቀጭ!

«አለ!» ብለው ጮኹ አቶ ስማቸው። «ቀጭ አለ! ጸጋው ያለው ድምፅ! ልኩ ደረሰ!»

ጭብጨባ ሆነ። መሪጌታ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ ሼህ ጣሀ የምርቃቱን ፋቲሃ ጀመሩ። ቀጭ የሚለው ቁልፍ ኮምቦልቻ እንዳለ፣ በእጃቸው ያለው ቁልፍ ደግሞ በዕድሜው ቀጭ ብሎ የማያውቅ መሆኑን በዚያች ቅጽበት ያስታወሱት መምህር ዘይኑ ብቻ ነበሩ። ጎንበስ ብለው ቁልፉን ሳቡት። የብሎኑ ጭንቅላት ቁልፉ ውስጥ ተቀምጦ አብሮ ወጣ፤ አንገቱና የቀረው አካሉ ሞተሩ ውስጥ ቀርቷል።

ከትንሽ ጊዜ በፊት ብሎኑን ያጠበቀው ሰው ብዛት ከግቢው በላይ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ሲጣራ መሪጌታ እጃቸውን አሳረፉ እንጂ አልገፉም፤ ሼህ ጣሀ ተንጠለጠሉ እንጂ አልሳቡም፤ አቶ ስማቸውም ንግግር እያደረጉ ስለነበር የሆነውን አላዩም።

«ብረቱ የድሮ ብረት አይደለም» አሉ በመጨረሻ አቶ ስማቸው። በዚህ ላይ የጋራ መግባባት ተደረሰ።

«አባዬ» አለ ሀፊዝ ከመኪናዋ ውስጥ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ። «ፍሬኑን ልልቀቀው?»

መምህር ዘይኑ የልጃቸውን ፊት ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። ቀመሩን የሚያውቁት እሳቸው፣ ልኩ መድረሱን ያዩት እሳቸው፣ ዝም ያሉትም እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ «ለምን ጉልበት ብቻ አይበቃም?» ሲላቸው ሲያስረዱ ኖረዋል፤ ዛሬ ግን ለአንድ ሽማግሌ «ይበቃል» ማለት ከበዳቸው። «ልቀቀው ልጄ» አሉ፤ ራሳቸውን በጥፊ ቢሉት ደስ ባላቸው።

ወይዘሮ ሸሪፋ ከበረንዳው ሳይወርዱ፣ «ሚኒባሱ አሁንም እየጠራ ነው» አሉ።

መምህሩና ሽማግሌዎቹ እየሮጡ ተሳፈሩ። ከመሳፈራቸው በፊት እጃቸውን በዱቄት ሳሙና ቢያሹት፣ ሼህ ጣሀ ደግሞ ለሶላት የምታጠበው ውዱእ አይሆንልኝም ብለው በአሸዋ ጭምር ቢፈትጉት፣ የቱቦው ጥቁር ዘይት በጥፍራቸውና በመዳፋቸው መስመር ገብቶ እምቢ አለ። ሚኒባሱ ውስጥ ነጭ በነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው እንደ ሌባ ተቀመጡ። መምህሩ መንገዱን ሙሉ የአይሱዙውን ሰዎች ንጹሕ እጅ እያሰቡ ተቃጠሉ።

ዙህር ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ቢስቲማ ሲደርሱ ሐጂ ከሊድ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ፊታቸው ጨፍግጓል። ከግቢው ጎን ወፍጮ ቤቱ ዝም ብሏል፤ በሩ ላይ እህል ያመጣ ሰው ከእነ አህያው ተሰልፎ ያጉረመርማል።

«አሰላሙ አለይኩም» ብለው እጅ ዘረጉ ሼህ ጣሀ፣ ረስተው።

ሐጂ እጃቸውን ጨብጠው አልለቀቁም። ገልብጠው አዩት። ቀጥለው የመሪጌታን ጠየቁ፤ ቀጥለው የአቶ ስማቸውን፤ ቀጥለው የመምህሩን። መምህር ዘይኑ ትምህርት ቤት እጁን ለአርጩሜ እንደሚዘረጋ ልጅ ዘረጉ።

«ይህ ምንድነው?»

«ሥራ ላይ ነበርን» አሉ ሼህ ጣሀ። ውሸት መናገር አይችሉም፤ እውነቱን መጨረስ ግን አላስፈለጋቸውም።

«የምን ሥራ?»

«የሞተር።»

«ሽማግሌ ሞተር ሲሠራ?»

«በጋራ!» አሉ አቶ ስማቸው ነፍስ ዘርተው። «የሞተሩን ዋና ብሎን ያጠበቅነው በጋራ ነው። እኔ ማጠቃለያውን።»

«እኔም ገፍቻለሁ» አሉ መሪጌታ፣ ደሴ ላይ ያልገፉት።

ሐጂ ከሊድ እጆቹን ደግመው አዩ። «ወላሂ፣ የመርሳዎቹ እጅ ወተት ይመስል ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እኮ መምህርን የጠመኔ ሰው ብቻ አድርጌ...» ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ወደ ወፍጮ ቤቱ ዞሩ። «አላህ ነው ያመጣችሁ። የወፍጮዬ ትልቁ ክብ ብረት ብሎኑ ከጠዋት ጀምሮ ላልቶብኝ ሞተሩን አጥፍቼ ተቀምጫለሁ። ባለሙያው ኮምቦልቻ ነው፤ ስልክ ሲያነሣ ‹መንገድ ላይ ነኝ› ይለኛል።»

መምህር ዘይኑ ይህን ቃል የሚያውቁት መሰላቸው። ሦስቱም ሽማግሌዎች ግን በአንድነት ጣታቸውን ወደ መምህሩ ቀሰሩ።

«ባለሙያው እሳቸው ናቸው» አሉ አቶ ስማቸው። «እኛ ድጋፍ ሰጪ ነን።»

ወፍጮ ቤት ውስጥ ሲገቡ መምህሩ ቆመው ዙሪያቸውን አዩ። ሚዛን አለ። ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርድሯል። የብረት ቱቦ ከነብሎን ቁልፉ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ቆርቆሮ በመዳፋቸው ጠርገው ልኩን አነበቡት፤ ከራሳቸው ብሎን ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ክቡ ብረት እንዳይዞር በመሃሉ ወፍራም እንጨት ሸጎሩበት። ግማሽ ኩንታል ጤፍ በሚዛን ለኩ፤ ቱቦው ላይ አንድ ክንድ ለክተው ምልክት አደረጉ፤ ጆንያውን በገመድ አንጠለጠሉት። አቶ ስማቸው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ መምህሩ በዓይናቸው አዩአቸው። አቶ ስማቸው አፋቸውን ዘጉ።

ጆንያው ወረደ። ወረደ። ቆመ።

ያች ቅጽበት በመምህር ዘይኑ ሕይወት ውስጥ ብቸኛዋ ናት። የተሰለፈው ሰው በበሩ ተጠጋግቶ ያያል፤ ጤፉ በአየር ላይ ጸጥ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ብሎኑም ልኩን ይዟል፣ አላነሰም፣ አላለፈም። ከሰሌዳ ውጭ፣ በገዛ እጃቸው፣ አንድ ነገር በትክክል አጠበቁ።

«ይበቃል» አሉ። ወጣላቸው! ደሴ ላይ የታነቀው ቃል ቢስቲማ ላይ ወጣ።

«ማሻአላህ!» አሉ ሐጂ ከሊድ፤ ወዲያውም እጀታቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ሐጂ ጠብደል ሰው ናቸው። «እንግዲህ ለበረካ ያህል፣ የቤቱ ባለቤት እጁን ያሳርፍበት።»

መምህር ዘይኑ ደነገጡ። ሐጂን አዩ፤ ብሎኑን አዩ። «አይሆንም» ቢሉ ትክክል ናቸው፤ ፊዚክስ በሙሉ ከጎናቸው ይቆማል። ነገር ግን በገዛ ወፍጮ ቤታቸው፣ በደንበኞቻቸው ፊት፣ የልጅቷን አባት እጅ ከበረካ የከለከለ ሰው ልጅቷን ሊጠይቅ አይችልም። ሀፊዝ በእግሩ ፍሬን ረግጦ «አባዬ፣ ልልቀቀው?» ያለው ድምፅ መጣባቸው። ዕድሜያቸውን የጠበቁለት ልክ አንድ ወገን፣ ልጃቸው አንድ ወገን ቆሙ። ብዙም አልተመዛዘኑም።

«በእርስዎ እጅ ይባረክ፣ ሐጂ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቀጭ!

«ልኩ ደረሰ!» ብለው ጮኹ አቶ ስማቸው ከልማድ፤ የተሰለፈውም ሰው አጨበጨበ። ሐጂ ከሊድ ቁልፉን ሲያነሡ የብሎኑ ጭንቅላት ወጥቶ እግራቸው ሥር ዱብ አለ። ጎንበስ ብለው አነሡት፤ አገላብጠው አዩት፤ ደንበኞቻቸውን አዩ። ጆሯቸው ቀላ።

«ብረቱ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የድሮ ብረት አይደለም።»

ሼህ ጣሀና መሪጌታ ተያዩ። መምህር ዘይኑ ወደ ሐጂ ጠጋ አሉ፤ ቂም ሳይሆን ዝምድና ነው የተሰማቸው። «እውነትዎን ነው ሐጂ። እኛም ደሴ ላይ ያልነው ይህንኑ ነው።»

ሐጂ ትኩር ብለው አዩአቸው። «ደሴ ያለውስ?»

«ተበጥሷል።»

«በጋራ?»

«በጋራ።»

ሐጂ ከሊድ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሆዳቸው፤ ከዚያ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከግቢው በኩል ዊዳድ በበሩ አሾልካ እያየች አፏን በሻሿ ሸፈነች። «ያ ረቢ! የመርሳዎቹ መኪና አላቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ከየት ይመጣላቸዋል?» አሉ ሐጂ እንባቸውን በጥቁር እጃቸው እየጠረጉ፤ ፊታቸውም እንደ እንግዶቻቸው እጅ ሆነ። «ሼህ፣ ፋቲሃውን ያድርጉ። ልጄን ለዘመድ ነው የሰጠሁት።»

ፋቲሃው ተደረገ። መሪጌታም መረቁ፤ አቶ ስማቸውም ማጠቃለያ ሰጡ። የመምህሩ ስልክ የጮኸው ከዚህ በኋላ ነው።

«መምህር፣ ቁልፉን ይዤ ግቢዎ ደርሻለሁ» አለ ጸጋው። «ይህን ብሎን ምን አደረጋችሁት? ይሁን፣ ሌላ እፈልግልዎታለሁ።»

«ሁለት ፈልግ።»

«ሁለት? ለምን ሁለት?»

መምህር ዘይኑ የሐጂን ወፍጮ አዩ፤ በሩ ላይ የቆመችውን ልጅ አዩ።

«አንዱ በሙሽራው በኩል ነው» አሉ፤ «አንዱ በሙሽሪት።»